ያባት ሸክላ በልጅ እጅ

በየቤቱ አባትና ልጅ ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ዘፈን ነው። ልጅ የወደደውን ሲያሰማ አባት «ይህ ጩኸት እንጂ ዘፈን አይባልም» ይላል፤ ልጅም የአባቱን ዘፈን ያረጀ ነው ብሎ ይንቃል፤ እናት በመካከል ሆና ድምፁ እንዲቀነስ ትለምናለች። በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ አብዝቶ የሚነሣው ሂፕ ሆፕ የተባለው፥ ጥቍር አሜሪካውያን ወጣቶች ያስነሡት ዘፈን ነው። ዜማ ከማውጣት ይልቅ ግጥሙን በከበሮ ምት ላይ እያፈጠኑ መናገር ስለሆነ፥ ሌላ ለለመደ ጆሮ እንግዳ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለዚህ የቤት ክርክር ይረዳል ብለን ያሰብነውን አንድ አልበም ሰምተን የመሰለንን እንገልጻለን። የምናነሣቸው ዘመኖች ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልበሙ «ዘ ሎው ኤንድ ቲዎሪ» ይባላል። ያወጡት «ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት» በሚል ስም የተሰበሰቡ ሦስት የኒው ዮርክ ልጆች ሲሆኑ፥ እነሱም ኪው ቲፕ፥ ፋይፍ ዶግና አሊ ሻሂድ ሙሐመድ ናቸው። ሁለቱ ግጥሙን ይናገራሉ፤ ሦስተኛው ሸክላውን ያዞራል። አልበሙ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲወጣ ከሦስቱ አንዱም ገና 22 ዓመት አልሞላውም ነበር።

የአልበሙ ስም እንደ አገራችን ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው ነው። ሰሙ ዝቅ ብሎ የሚጐረብጠው የባስ ድምፅ ነው፤ ወርቁ ደግሞ በአገሩ ማኅበር ውስጥ ዝቅ ብሎ እንዲኖር የተደረገው የጥቍር ሰው ኑሮ ነው። ሰሙንም ቢሆን በከንቱ አላኖሩትም፤ የመጀመሪያው ዘፈን «ኤክስከርሽንስ» ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ባስ ብቻ ነው። የበገና ወፍራም አውታር ሲመታ ከጆሮ ይልቅ በደረት እንደሚሰማ ሁሉ፥ ይህም ድምፅ ደረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የተወሰደውም ስመ ጥሩው የጃዝ ከበሮ መቺ አርት ብሌኪ ከጓደኞቹ ጋር በ1973 ዓ.ም. ካወጣው ሸክላ ነው።

ከባሱ ቀጥሎ የኪው ቲፕ ቃል ይመጣል፤ የሚናገረውም ነገር ለዚህ ገጽ የታሰበ ያህል ነው። በጕርምስናው ሂፕ ሆፕ ሲሰማ አባቱ ይህ ነገር ቢባፕን ያስታውሰኛል እንዳሉት፥ እሱም የዓለም ነገር ዞሮ የሚመለስ መሆኑን እንደ መለሰላቸው ያወሳል። ቢባፕ እነ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ በ1940ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ ያስፋፉት የጃዝ ዐይነት ነው። እጅግ ፈጣንና ለጭፈራ የማይመች ስለ ነበረ፥ የቀድሞው ጃዝ ወዳጆች ብዙዎቹ ሙዚቃ ነው ብለው ለመቀበል ተቸግረው ነበር። እነሆ በመጨረሻው ከፍ ያለ የጥበብ ሥራ ተብሎ በትምህርት ቤት ይማሩት ጀመር። እኒህ አባት የልጃቸውን ዘፈን ሲሰሙ ልዩነቱን ሳይሆን ዝምድናውን ለይተው መስማታቸው፥ ልጁም ይህን የአባቱን ቃል ሳይንቅ የአልበሙ መግቢያ ማድረጉ፥ እኛን ከግጥሙ ሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ነገር ነው።

አልበሙ የተሠራበት መንገድ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ወጣቶቹ የቈዩ የጃዝና የሶል ሸክላዎችን ይሰበስባሉ፤ ከአንዱ ባስ፥ ከሌላው ከበሮ፥ ከሌላው የመለከት ድምፅ ጥቂት ጥቂት ቈርጠው በመሣሪያ ይቀጥሏቸዋል፤ ይህንንም ሳምፕል ይሉታል። እናት ያረጀ ቀሚሷን ጥለት ፈትታ ለልጇ አዲስ ቀሚስ እንደምታደርገው ያለ ሥራ ነው። ይህ ስርቆት አይደለምን? የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው አግባብ ነው። አልበሙ ከወጣ ሦስት ወር ሳይሞላው፥ በዲሴምበር 1991 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያለ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቢዝ ማርኪ በተባለው ሌላ ዘፋኝ ጉዳይ፥ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ስርቆት ነው ብሎ ፈርዷል። ከዚያ ወዲህ ባለመብቱን ማስፈቀድና ዋጋ መክፈል የግድ ስለሆነ፥ እንደዚህ ብዙ ሸክላ የገባበትን አልበም መሥራት ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ሆኗል። እኛ ግን ለባለመብቱ ከተከፈለ በኋላ፥ ተረስቶ የነበረውን ሸክላ ከአቧራ አንሥቶ ለአዲስ ትውልድ ማሰማት ምስጋና እንጂ ነቀፌታ አይገባውም እንላለን።

ደግሞም ከሸክላ በመቍረጥ ብቻ አልተወሰኑም። አምስተኛውን ዘፈን «ቨርስስ ፍሮም ዘ አብስትራክት»ን ሲሠሩ ሚስተር ሮን ካርተርን ጋብዘዋል። እኒህ ሰው ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም. ከማይልስ ዴቪስ ጋር ቆመው የሚመቱትን ትልቁን ባስ የተጫወቱ የጃዝ ታላቅ ሲሆኑ፥ በዚያን ጊዜ የ54 ዓመት ሰው ነበሩ። ጥሪውን የተቀበሉት ጸያፍ ቃል እንዳይኖርበት ብለው ነው ይባላል። አልበሙ በሙሉ ከክፉ ቃል ንጹሕ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ዳሩ ግን ሽማግሌው ቅድመ ሁኔታ ማቅረባቸው፥ ወጣቶቹም ሰምተው መቀበላቸው፥ በብዙ ቤት የጠፋ ወግ ነው። በዘፈኑ መጨረሻ ገደማ ኪው ቲፕ የእንግዳውን ስም ጠርቶ ሲያመሰግን ይሰማል።

ፋይፍ ዶግን ለብቻው ልናነሣ ይገባል። በፊተኛው አልበማቸው እምብዛም አልተሰማም ነበር፤ በዚህኛው ግን ከጓደኛው እኩል ይናገራል። የኪው ቲፕ ድምፅ ለስላሳ፥ የሱ ግን ቀጭንና ቍጡ ስለሆነ፥ «ቼክ ዘ ራይም» በተባለው ዘፈን አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲመልስ መስማት ደስ ያሰኛል። ገና በወጣትነቱ የስኳር በሽታ ያዘው፤ በ2008 ዓ.ም. ሚስቱ ኩላሊቷን ሰጠችው፤ በማርች 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ምክንያት ዐረፈ። እናቱ ከትሪኒዳድ የመጡ ባለቅኔ ናቸው፤ ልጁ ቃል አዋቂ መሆኑ አያስደንቅም።

የማንወደውንም እንናገር። «በተር» በተባለው ዘፈን ፋይፍ ስለ ትምህርት ቤት ፍቅሮቹ ይተርካል፤ ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን በሴቶች ጠጕርና መልክ ላይ የሚሰነዝረው ሽሙጥ የጐረምሳ ነገር ነው። ስምንተኛው ዘፈን ይብሳል። ነገሩ ሴት ልጅን በጓደኝነት ሰበብ ያለ ፈቃዷ ስለ መድፈር ነው፤ ይህን ጉዳይ በ1991 ዓ.ም. ማንሣታቸው ራሱ ድፍረት ነበር፤ ሆኖም በቀልድ ቃና ስለ ያዙት ለነገሩ የሚገባው ክብደት ጐድሎታል። ሴቶች ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን ዘፈን ከልጆቻቸው ጋር ሰምተው ቢነጋገሩበት እንጂ ዝም ብለው ባያሳልፉት እንመክራለን። ስለ ፔጀር የተዘፈነውን «ስካይፔጀር»ን ግን ልጆቹ ሊረዱት አይችሉም፤ ፔጀር ምን እንደ ነበረ አባት ማስረዳት ሊኖርበት ነው።

የመጨረሻው ዘፈን «ሲናሪዮ» ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ሌሎች ወጣቶች ተጨምረው እየተቀባበሉ ይፎክራሉ፤ ባስታ ራይምስ የተባለው፥ ያን ጊዜ ስሙ ገና ያልገነነ ልጅ፥ በፍጻሜው ተነሥቶ እንደ አውሬ ያገሣል። ሰርግ ቤት ፎካሪ ሲነሣ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ እንደሚነቃነቅ፥ እዚህም እንዲሁ ነው። ከዚህ ዘፈን መጀመር ግን ለአባት አይበጅም፤ ክርክሩን ያባብሰዋል።

አልበሙ በ2022 ዓ.ም. ላይብረሪ ኦፍ ኮንግሬስ ለአሜሪካ ታሪክ ተጠብቀው እንዲኖሩ ከመረጣቸው ቅጂዎች ጋር ተመዝግቧል። ያባትና የልጅም ነገር በዚህ አላበቃም። በ1994 ዓ.ም. ናስ የተባለው ሌላ የኲዊንስ ልጅ «ኢልማቲክ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ፥ የጃዝ ሰው የሆኑት አባቱ ኦሉ ዳራ ራሳቸው መጥተው መለከት ነፍተውለታል። ይኸው ናስ በ2010 ዓ.ም. ከዴሚየን ማርሊ ጋር በሠራው ዘፈን ውስጥ ደግሞ የተሰማው ያገራችን የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የተኙት ሸክላዎች ባሕር ማዶ ተሻግረው በዚህ ዐይነት መነሣታቸውን ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ያውቁ ይሆናል።

መስማት ለሚፈልግ ቤተ ሰብ አንድ ነገር እናሳስባለን። በእጅ ስልክ ትንሽ ድምፅ ማጕያ ባሱ ከቶ አይሰማም፤ ባሱ ካልተሰማ ደግሞ የአልበሙ ግማሽ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በደኅና ድምፅ ማጕያ፥ ጎረቤት በማያስቀይም መጠን፥ መጀመሪያ «ኤክስከርሽንስ»ን፥ ቀጥሎ ሚስተር ሮን ካርተር ያሉበትን፥ ከዚያም አሥራ አንደኛውን «ጃዝ»ን መስማት ይሻላል፤ የሚመቸውም ሰዓት ከራት በኋላ ቡናው ሲፈላ ነው።