ለጣሪያ የተገዛ ባትሪ

መርካቶ ውስጥ ባትሪ የሚሸጥ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ቁልፉን ጠቅ አድርጎ ብርሃኑን ወደ ጣሪያ ይለቀዋል። ገዢው ቀና ብሎ ያያል፣ ዓይኑን ያጨማድዳል፣ "ይሄስ ጉድ ነው!" ይላል፣ ብር ይቆጥራል። ሱቁ ውስጥ አምፖል ቦግ ብሎ በርቶ፣ ከእጅ እስከ ጣሪያ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት የተፈተነው ነገር ቢኖር ባትሪው ምን ያህል እንደሚያስደንቅ ነው። ከተማችን የኪስ ባትሪዋን የምትመርጠው እንዲህ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን ልማድ አልቀበለውም። በየቀኑ ኪስ ውስጥ ለሚገባ ባትሪ "ስንት ያበራል?" ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ወደ ቀጨኔ እናምጣው። ከመድኃኔዓለም አካባቢ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣው ሰፈር ዳገት ነው። ዋናውን መንገድ ለቀቅ አድርገው ወደ ውስጥ ሲገቡ አንዱ ቅያስ ኮብልስቶን፣ ሌላው ድንጋዩ የተነቀለ ደረጃ፣ ሌላው ክዳን የሌለው ቦይ የሚያዋስነው ነው። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ትናንት የረገጡትን ድንጋይ ዛሬ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። በወር በ27፣ በመድኃኔዓለም ቀን፣ ለኪዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው የሚወርዱ እናት ምን ያስፈልጋቸዋል? ከፊታቸው ሦስት አራት ሜትር ያህል፣ ከግራ አጥር እስከ ቀኝ ቦይ የሚዘረጋ ለስላሳ ብርሃን። ሻማ የሚሰጠው 12 ሉመን ገደማ ነው፤ 50 ሉመን በደንብ ከተዘረጋ ለእሳቸው ከበቂ በላይ ነው። 200 ሜትር የሚወረወር ጨረር ብትሰጧቸው የማዶውን ቆርቆሮ ጣሪያ አጥርተው ያያሉ፤ የሚረግጡት ግን እዚሁ እግራቸው ሥር ነው።

"ዙም አለው" እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ የባሰ ነው። አፉን ወደ ፊት ሲስቡት ብርሃኑ ተሰብስቦ ግድግዳ ላይ ካሬ ይሠራል፤ ገዢም በካሬው ይማረካል። ግን የተሰበሰበው ብርሃን ከዳር ተወስዶ የመጣ ነው። መሃሉ በደመቀ ቁጥር ዓይን ራሱን ለመሃሉ ያስተካክልና ዳርና ዳሩ ድቅድቅ ይላል። ዓይን ጨለማን አጥግቦ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከነጭ ግድግዳ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ኃይለኛ ጨረር ያን ሁሉ በቅጽበት ይደመስሰዋል። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ከወዲያ የሚመጣውን ሰው ደግሞ "እንደምን አደሩ" ሳይሉ በፊት ዓይኑን ያጠፉታል። ይህ በእኛ አገር ከመቼ ወዲህ ነው ጨዋነት የሆነው?

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ካርቶኑ ላይ 10,000 ሉመን፣ አንዳንዴም ከዚያ አሥር እጥፍ ይጻፋል። በብዙ ባለ ኤልኢዲ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ድንጋይ 18650 የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ዋት 100 ሉመን ያወጣል እንበል። 10,000 ሉመን ለማውጣት 100 ዋት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ድንጋዩ ይህን ጭነት ቢችል እንኳ ስምንት ደቂቃ ሳይሞላው ያልቃል። አብዛኛው ኃይል ሙቀት ስለሚሆንም ያን የምታክል ቱቦ እጅ አይችላትም። ያው ድንጋይ በ100 ሉመን ቢሠራ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘልቃል። ሌሊቱን ሙሉ ማለት ነው።

በድንጋዩ ላይ የሚታተመውም ውሸት አይተናነስም። 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል 18650 በየሱቁ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሠራ ፋብሪካ ግን በዓለም ላይ የለም። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪ እናቶች ሰፈር ነው። ጀበና የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል፣ አፉን ያያል፣ ሥሩን ይዳብሳል፤ "አይሰነጠቅም" ተብሎ ስለተነገረው ብቻ ገዝቶ አይሄድም። ባትሪ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ተጠራጣሪነት የት ይገባል? ደህና 18650 ከ45 ግራም እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ቅመም በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። 30 ግራም ከሆነ ውስጡ የጎደለ ነገር አለ።

ታማኝ የሚባሉት አምራቾችም ቢሆኑ ቁጥራቸውን ማንበብ ያሻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ኤፍኤል1 የተባለ የባትሪ መለኪያ ብዙ ሥርዓት አምጥቷል። በዚህ መለኪያ "200 ሜትር ይደርሳል" ማለት እዚያ ርቀት ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሙሉ ጨረቃን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። "10 ሰዓት ይቆያል" ማለትም ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። ብዙ ባትሪ ገና በደቂቃዎች ውስጥ፣ እንዳይግል ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ የተገዛበት ድምቀት ሱቁ ውስጥ ከታየበት ጊዜ ብዙም አልፎ አይቆይም።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ አለ፤ ጅብ። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ተረት አይደለም፣ ጅብ ከጫካው ወርዶ ሰፈር ያድራል። የሰፈር ጥበቃም ከሩቅ ማየት አለበት። እውነት ነው፤ ለዘበኛ ረጅም ጨረር ያለው ትልቅ ባትሪ መሣሪያው ነው፣ ይያዝ። ለመንገደኛው ግን የጅብን ዓይን ለማየት ያን ያህል ድምቀት አያስፈልግም። ብርሃኑን ወደ ራሱ ዓይን አጠገብ ከፍ ቢያደርገው የጅቡ ዓይን ያንኑ መልሶ ያበራለታል፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይህን የሚያደርገው ያለ ልፋት ነው።

ስለዚህ ገዢ መጠየቅ ያለበት ዝቅተኛው ብርሃን ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ሲበራም ከዝቅተኛው ይጀምር እንደሆነ ነው። ለማጥፋት አራት ጊዜ የሚያስጫን፣ በመካከሉም እንደ አምቡላንስ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ይመልሰው። በስልክ ቻርጀር፣ በታይፕ ሲ የሚሞላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በየኪዮስኩ በሚገኘው ቀጭን ድንጋይ የሚሠራም አይናቅም፣ ድንጋዩ ፈስሶ እንዳያበላሸው ሲቀመጥ ማውጣት ብቻ ነው። ከጀርባው ሶኬት ተስቦ የሚወጣው፣ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠው ግን ለኪስ የሚሆን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ኃይሉ አልቆ ወራት ከቆየ ይሞታል። መብራት በጠፋ ማታ ሲፈልጉት የሚሰጠው ቢጫ ጭላንጭል ከዚህ የመጣ ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ "ከእንግዲህ ባትሪ ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል ግን ግድቡ ከቅያሱ ውስጥ ገብቶ አያበራም። የኮሪደር ልማት መብራትም የሚያደምቀው አደባባዩንና ዋናውን ጎዳና ነው።

"ስልኬ ይበቃኛል" ለሚለው ደግሞ እንዲህ እላለሁ። የስልክ መብራት ለቁልፍ ቀዳዳ ይበቃል። ዝናብ ላይ፣ አንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ፣ በሌላው የቤቱን ውድ ዕቃ ቦይ አጠገብ አንጠልጥሎ ዳገት መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ከተማ ጨለማ ውስጥ የበራ ስልክ ዘርግቶ መሄድ ለነጣቂ አድራሻ መንገር ነው። ከነጣቂ ቢያመልጥም ቻርጁን ጨርሶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይደርሳል፤ ልጆች "እማዬ ደረስሽ?" ብለው ሲደውሉ ስልኩ ጠፍቷል።