ተመዝጋቢ ቆጥሮ አክሲዮን መግዛት

የፊልም ማሰራጫ ኩባንያ አዲስ አገር በገባ ቁጥር አክሲዮኑን ለመግዛት የሚሻማው ብዙ ነው። ገበያው ሲሰፋ ትርፉም ይሰፋል ተብሎ ነዋ! ዲዝኒ ህንድ ውስጥ የገጠመው ግን ሌላ ነው። ሆትስታር የተባለው አገልግሎቱ በኦክቶበር 2022 መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከ61 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ ነበረው። ከአንዱ ተመዝጋቢ በወር የሚገኘው አማካይ ገቢ ግን አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ሕዝቡን የሳበውም በዋናነት የዲዝኒ ፊልም ሳይሆን ክሪኬት ነበር፤ ክሪኬቱ ደግሞ የኪራይ ዕቃ ነው። የአይፒኤልን ውድድር በኢንተርኔት የማሳየት መብት ሌላ ኩባንያ በጨረታ ሲወስደው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ ውልቅ ብሎ ሄደ። የተመዝጋቢውን ብዛት ብቻ አይቶ የገዛ ሰው የሰው ዕቃ ነው የገዛው።

ገበያውን ያውቃል የተባለውም አልዳነም። ባለሀብቱ ቢል አክማን በጃንዋሪ 2022 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የኔትፍሊክስ አክሲዮን ገዛ። ኤፕሪል ላይ ኩባንያው 200 ሺህ ተመዝጋቢ ማጣቱን ሲናገር ዋጋው በአንድ ቀን 35 በመቶ ያህል ወረደ። አክማንም ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ወጣ። አክሲዮኑ በኋላ እሱ ከገዛበት ዋጋ አልፎ ሄዷል። በመሃል ኔትፍሊክስ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የይለፍ ቃል ተዋውሰው በነጻ ሲያዩ የኖሩትን ማስከፈል ነው።