ሕጉ ለማን ነበር?

መጋቢት 30 ቀን 2012 የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በእጅ መጨባበጥ እንኳ ቀረ። ሕጉን የጣሰ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት እንደሚጠብቀው ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ ጭምብል አላደረጋችሁም የተባሉ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በፖሊስ ተያዙ። በመቀራረብ የሚተላለፍን በሽታ ለመከላከል ሲባል ሰው አንድ ላይ ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ስጋቱን ገልጾ ነበር።

ያው አዋጅ በሥራ ላይ እያለ ሐምሌ 26 ቀን መጣ። የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ዙር ሙሌት ደስታ «ድምፃችን ለግድባችን» በሚል ጥሪ በጡሩምባ፣ በፉጨትና በጭብጨባ እንዲገለጽ ተጠራ። አዲስ አበቤም ጎዳና ወጣ። መኪናው ጡሩምባውን ነፋ፣ ወጣቱ ባንዲራ ለብሶ ተቃቅፎ ጨፈረ። ደስታው የእውነት ነበር፤ ግድቡ የእኔም ነው። ያን እሑድ ግን «ከአራት ሰው በላይ» የሚለው ሕግ የት እንደገባ የነገረን ባለሥልጣን አልነበረም።

ስለ ኮሮና ዘመን ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሕዝቡን ምሬት «ድሮም ክልከላ አይወድም» እያለ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ አቃጥሎ የሚያጥን፣ የኅዳር በሽታን ታሪክ ከአያት ከቅድመ አያቱ የሰማ ሕዝብ ወረርሽኝ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቢከለከል ይታዘዛል። የመረረው ክልከላው ሁሉንም እኩል አለመያዙን በዓይኑ ባየ ጊዜ ነው።

የተሠራውን መልካም ነገር መካድ ነውር ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኝቶ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከውጭ የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ታካሚዎች ተለቀቀ፤ ሚሊኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። የጤና ባለሙያዎቻችን ልጆቻቸውን ለማቀፍ እየፈሩ ቀንና ሌሊት ሠሩ። «ማንም ከቤት እንዳይወጣ» አለመባሉም ትክክል ነበር። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ለቅሞ ለሚያድር ሰው ከበሽታው ቀድሞ ረሃቡ ይደርስበት ነበር።

ሸክሙ ግን በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ እንመልከት። ታክሲው በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። የጎደለውን ወንበር ሒሳብ የከፈለው ተሳፋሪው ነው፤ ደመወዙ ሳይጨምር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለወራት። «እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» የሚለው ምክር ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለጀሪካን የሚወጣ ተጨማሪ ገንዘብ ማለት ነበር። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣ አዋጁ ከልክሏል፤ መልካም ድንጋጌ ነው። የጉሊቷ ሴት፣ ሊስትሮው፣ ሰው ቤት ልብስ የምታጥበው እናት ግን አሠሪዬ ብለው የሚከሱት ሰው የላቸውም። ለእነሱ የደረሰላቸው ጎረቤት ነው። «ማዕድ ማጋራት» ሲባል ከጓዳው ዱቄትና ዘይት አውጥቶ ያካፈለው ይኸው ሕዝብ ነው። ከ25 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ለወራት ቤት ሲውሉም ሬዲዮም ቴሌቪዥንም በሌለበት የገጠር ቤት ያለው ልጅ ከትምህርቱ ተቆረጠ። ወላጅ ይህንንም «ለጤናችን ነው» ብሎ ቻለ።

ከሁሉ የከበደው የቀብሩ ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር አንዲት ሴት በዚያ ወራት እናታቸውን አጡ። የእድሩ ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳንም አልተጣለም። እናትየው ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቀብር ሲሮጡ፣ ለሰው ሐዘን እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የእሳቸውን ቀብር ግን ጥቂት ሰው ሸኘ። ለቅሶ ልንደርስ በራቸው ላይ ስንቆም ልጅየው «ግቡ» ለማለት ፈርተው «ግድ የለም፣ በሽታው ይለፍና እንላቀሳለን» አሉን። አንዲት የማማረር ቃል አልወጣቸውም። ሕግ ነው፣ የሰው ሕይወት ነው ብለው ሐዘናቸውን ዋጡት። ኋላ በቴሌቪዥን ባለሥልጣናት በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሲያዩ ግን «ሕጉ ለእናቴ ብቻ ነበር እንዴ?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በየሰፈሩ እንዲህ የጠየቁ ስንትና ስንት ሐዘንተኞች እንዳሉ ሳስብ የምሬቱን ልክ እረዳለሁ።

የምርጫውም ነገር በዚሁ መንገድ ሄደ። ነሐሴ 23 ቀን 2012 የታቀደውን ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ማካሄድ እንደማይችል ምርጫ ቦርድ ያስታወቀው መጋቢት 22 ቀን ነበር። በዚያን ቀን በመላ አገሪቱ በምርመራ የታወቁት ታማሚዎች ሠላሳ አይሞሉም። ውሳኔው አስቀድሞ የታሰበበት ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ሰኔ 3 ቀን ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን የሥራ ዘመን በሕገ መንግሥት ትርጉም አራዘመ። በውሳኔው መሠረት ምርጫ የሚደረገው በሽታው የሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነበር። መስከረም 2013 ላይ የታማሚው ቁጥር ከ60 ሺህ በልጦ ሳለ ጥንቃቄ እየተደረገ ምርጫ ማካሄድ ይቻላል ተባለ። ምናልባት ይህ አባባል ትክክል ይሆናል፤ በእነዚያ ወራት ዓለም ስለ በሽታው ብዙ ተምሯል። ነገር ግን በሠላሳ ታማሚ የቆመ ምርጫ በስድሳ ሺህ የሚቻልበትን ምክንያት ቁጭ ብሎ በቀላል አማርኛ ለሕዝቡ ያስረዳ አልነበረም። የምርጫው ንትርክ አገሪቱን በምን መንገድ እንደወሰዳት ሁላችንም አይተናል፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለበሽታው መከላከል ያመጣው ጉዳት ግን እዚህ መነገር አለበት፤ «ኮሮና ፖለቲካ ነው» የሚለው ወሬ ሥር ሰደደ።

ይህን ወሬ የሰማሁት ከአንድ አቅጣጫ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ይለዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አዛውንቱ ይሉታል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለዋል። «ለእነሱ ሰልፍ ሲሆን ኮሮና እረፍት ይወጣል» ይባል ነበር። ጭምብሉ አገጭ ላይ ወረደ፤ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሆነ። በሽታውን መፍራት ቀርቶ ፖሊስን መፍራት ሲተካ የመከላከል ሥራው በዚያች ቀን ተሸንፏል። መተማመን እንዲህ በተሸረሸረበት ወቅት፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ወረርሽኝ ባለበት አገር መረጃ ሲቋረጥ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ወሬ ነው።

ዋጋው የታየው በ2013 አጋማሽ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰው በሽታው ሲገኝበት፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ መሙላቱንና የኦክስጅን እጥረት መኖሩን ጤና ሚኒስቴር ራሱ ተናገረ። ቤተሰብ ታማሚውን መኪና ላይ ጭኖ ከሆስፒታል ሆስፒታል አልጋ ፍለጋ ተንከራተተ። ሰኔ 9 ቀን የገዥው ፓርቲ የምርጫ ቅስቀሳ የጅማን ስታዲየም በሰው ሞላው። ሌሎች ፓርቲዎችም ደጋፊ ሰብስበዋል። ሕግ አውጥቶ ሰው ያስቀጣው ግን መንግሥት ነውና ተጠያቂነቱ ይለያያል።

በኢትዮጵያ በምርመራ የታወቁት ታማሚዎች ከ500 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ የሞት ቁጥሩም ከ7,500 በላይ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ቁጥር ስንቱን እንደሳተ የሚያመለክት ጥናት አለ። በጅማና በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ላይ ተካሂዶ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት፣ በ2013 አጋማሽ ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ደም ውስጥ በሽታው ማለፉን የሚያሳይ ፀረ እንግዳ አካል አግኝቷል። ሳይመረመሩ ቤታቸው የሞቱትን አባቶችና እናቶች ማን ቆጠራቸው? «በሳንባ ምች» ተብሎ የተቀበረው ሁሉ በእርግጥ በሳንባ ምች ነበር የሞተው? የሞተውን አለመቁጠር ሁለተኛ መቅበር ነው።

«ድሃ አገር ነን፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ክትባቱን እንውሰድ፦ የካቲት 28 ቀን 2013 የገባው የመጀመሪያው ጭነት 2.184 ሚሊዮን ክትባት ነበር፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። ሀብታሞቹ አገሮች ከሕዝባቸው ብዛት በላይ አዝዘው ሲያከማቹ፣ ህንድም ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ሁለተኛው ዙር ተጓተተ። በዚህ መንግሥትን አልወቅስም። የኦክስጅን ማምረቻ ገንዘብ ይጠይቃል፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልም እንዲሁ። ራስ ላወጡት ሕግ መገዛት ግን በጀት አይጠይቅም። ሕዝብ ይከበር የተባለውን ክልከላ ሚኒስትሩና ከንቲባው ቀድመው ቢያከብሩ ከካዝና የሚወጣ አንድ ብር የለም። ድህነት ምክንያት ሊሆን የማይችልበት ቦታ ይህ ነው፤ እኛም የወደቅነው እዚሁ ላይ ነው።

ሌላ አገርም ተሳስቷል። በእንግሊዝ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፤ ሕዝቡ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ድግስ ሲደረግ ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። ቦሪስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2022 በፖሊስ ተቀጡ። በቀድሞ ዳኛ የሚመራ አጣሪ ጉባኤም ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን በይፋ እየጠራ ጠየቀ፤ የሟቾች ቤተሰቦችም ቀርበው ተናገሩ፤ የመጀመሪያው ሪፖርት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ወጣ። «ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው» እንዳይባል ደግሞ ደቡብ አፍሪካ አለች። ከኮሮና ጋር የተያያዘ የኮሙኒኬሽን ውል ሲመረመር የጤና ሚኒስትሩ ዝዌሊ ምኪዜ ጥፋት የለብኝም ቢሉም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የእነዚያ አገሮች ሕዝብ ምሬቱ ባይለቀውም አቤት የሚልበት ደጅ አግኝቷል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነፃ አጣሪ ጉባኤ አልተቋቋመም። ምሬታችን መውጫ አጥቶ በየቤታችን ቀርቷል።

ያለፈውን ለምን ትቆሰቁሳለህ የሚለኝ ካለ፣ በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም እለዋለሁ። ግንቦት 2017 ኤምፖክስ በሞያሌ ተገኘ፤ ኅዳር 2018 ማርበርግ በጂንካ ታወጀ። ማርበርግ ከያዛቸው ብዙዎቹን የሚገድል በሽታ ነው። ለእንዲህ ያለው በሽታ የመጀመሪያው መድኃኒት ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አምኖ «ቤቴ የታመመ አለ» ብሎ መናገሩ ነው። ይህን እምነት በፖሊስ ማምጣት አይቻልም። የሚመጣው «ባለፈው ጊዜ ተሳስተን ነበር፤ የተሳሳትነውም እዚህ እዚህ ላይ ነው» ብሎ በአደባባይ ከመናገር ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ነው። ከመንግሥትም ከፓርቲም ነፃ የሆኑ ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የእድር መሪዎች ያሉበት አጣሪ ጉባኤ ይቋቋም። ሥራው ሰው ማሳሰር መሆን የለበትም። በመጀመሪያ ሐዘንተኞችን፣ ነርሶችን፣ መምህራንን፣ የታክሲ ተሳፋሪዎችን በይፋ ይስማ። ሕዝብ ከጉሮሮው ነጥቆ ለኮሮና መከላከል ያዋጣው ገንዘብና ዓይነት ምን ላይ እንደዋለ እስከ ወረዳ ድረስ ዘርዝሮ ያሳትም። የሞት ቁጥሩን ከየእድሩና ከየደብሩ የቀብር መዝገብ ጋር ያመሳክር። ከዚያም በሚቀጥለው ወረርሽኝ የስብሰባ ክልከላ ሲወጣ መጀመሪያ ባለሥልጣኑን የሚገድብ፣ ጥሶ ሲገኝም ከተራው ዜጋ አሳንሶ የማይቀጣው ሕግ ያርቅቅ።

እናንተም አንባቢዎች፣ የወረዳችሁ ተመራጭ ማን እንደሆነ ታውቁ ይሆናል። ስታገኙት ስለ መንገዱና ስለ ውሃው እንደምትጠይቁት ሁሉ ይህንንም ጠይቁት። በ2012 ታዝዘናል፤ ሐዘናችንን ውጠን፣ እጥፍ ከፍለን፣ ልጆቻችንን ቤት አውለን ታዝዘናል። የታዘዘ ሕዝብ ያዘዘውን የመጠየቅ መብት አለው።