ላሟ አስቀድማ ትጥገብ

ባለፈው ወር በተማሪዎች አዳራሽ በተደረገው ክርክር ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «የኢትዮጵያ ገበሬ የዓለምን አየር ከሚያበላሹት አንዱ ነውና የከብቱን ቍጥር ይቀንስ» ብሎ ሲናገር ብዙ ጭብጨባ ተቀበለ። ወዲያው ከኋላ ወንበር ሌላው፣ «ምነው የባሕር አረም ብንመግባቸው!» ቢል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰብሳቢውም ደወሉን መትቶ ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ። እኛ ግን ያጨበጨቡትም የሳቁትም ነገሩን ሳይመረምሩት የቀሩ መስሎ ስለ ተሰማን፣ የዚህን እትም ርእሰ አንቀጽ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

የባሕር አረሙ ነገር ቀልድ አይደለም። የተጀመረውም በአንድ ገበሬ በረት ነው። በካናዳ፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ ሚስተር ጆ ዶርጋን የተባሉ ከብት አርቢ በባሕሩ ዳር የሚውሉት ላሞቻቸው ማዕበል የተፋውን አረም እየለቀሙ ሲበሉ ይመለከታሉ። እነዚህ ላሞች ከባሕሩ ርቀው ከሚሰማሩት ይልቅ ወተታቸው የበዛ፣ ለመፀነስም የፈጠኑ ሆነው አገኟቸው። አረሙን አድርቀው ለሌሎች አርቢዎች ለመሸጥ ቢያስቡ፣ አስቀድሞ መመርመር ነበረበትና ጉዳዩ ወደ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያም ሮብ ኪንሊና አለን ፍሬዲን የተባሉት ሊቃውንት መረመሩት፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ላሟ የምታወጣው ሚቴን የሚባለው ጋዝ በዚህ አረም ምክንያት በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ለነገሩ ከብትን የባሕር አረም ማብላት አዲስ አይደለም፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባለችው በኖርዝ ሮናልድሲ ደሴት በጎች እ.ኤ.አ. በ1832 በተሠራ የድንጋይ ካብ ከእርሻው ታግደው እስከ ዛሬ ኑሯቸው በባሕር አረም ነው።

ትልቁ ነገር የተገኘው ግን በአውስትራሊያ ነው። በታውንስቪል ከተማ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሀያ ዓይነት የባሕር አረም ከከብት ጨጓራ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ጨምረው ሲሞክሩ፣ አስፓራጎፕሲስ የሚባለው ቀይ አረም ሚቴኑን ፈጽሞ ለማጥፋት የተቃረበ ሆኖ ተገኘ። ይህም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ወጣ።

የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች የሆናችሁ ጓደኞቻችን ግራ እንዳይገባችሁ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። ላም ሣሩን ነጭታ ከዋጠች በኋላ ጋደም ብላ ስታመሰኳ፣ በጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሣሩን ያብላላሉ። ከዚህ መብላላት ሃይድሮጂን ይወጣል፤ ሌሎች ነፍሳት ደግሞ ይህን ሃይድሮጂን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን ያደርጉታል። ላሟም ታገሳዋለች። ብዙ ሰው በኋላዋ የሚወጣ ይመስለዋል፤ አብዛኛው የሚወጣው ግን በአፏ ነው። ሚቴን በአየር ውስጥ የሚቆየው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቢሆንም፣ በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲታሰብ ሙቀትን በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሀያ ስምንት እጥፍ ያህል ይበረታል። ቀዩ አረም በውስጡ ብሮሞፎርም የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው፣ ነፍሳቱ ሚቴኑን የሚሠሩበትን የመጨረሻ ደረጃ ይዘጋባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዴቪስ፣ ትውልዳቸው ከኤርትራ የሆነው ፕሮፌሰር ኤርምያስ ክብረአብና ተማሪዎቻቸው ይህንኑ በሕያው ከብት ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ሀያ አንድ ወይፈኖች ለአምስት ወር ጥቂት ጥቂት አረም ከመኖአቸው ጋር ቢሰጣቸው ሚቴኑ እስከ 82 በመቶ ቀነሰ። ይህን ያነበበ ሁሉ ነገሩ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 እነዚሁ ሰዎች በዐሥራ ሁለት የወተት ላሞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አረሙ ከፍ ባለ መጠን ሲጨመር ሚቴኑ 67 በመቶ ቢወርድም፣ ላሞቹ መኖውን በመጥላታቸው የሚበሉት በ38 በመቶ፣ ወተታቸውም በ12 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። በሜዳ በሚግጡ ከብቶች ላይ ደግሞ በሞንታና ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ውጤት 38 በመቶ ያህል ነው። በኔዘርላንድስም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ብሮሞፎርሙ ወደ ወተትና ወደ ሽንት ሊያልፍ እንደሚችልና የጨጓራውም ግድግዳ እንደ ተጎዳ አሳይቷል። ይህ ብሮሞፎርም የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ብሎ ከመደባቸው ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ ሥራው ገና በመሠራት ላይ ያለ ነው፤ የሚሠሩትም ሰዎች ጥሩውን ብቻ ሳይሆን መጥፎውንም ውጤት ማሳተማቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

አሁን ወደ ክርክሩ አዳራሽ እንመለስ።

ያጨበጨቡት ጓደኞቻችን ባዶ ነገር አልያዙም። የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 ከአገሪቱ ከወጣው 150 ሚሊዮን ቶን ጋዝ ውስጥ 65 ሚሊዮኑን በከብቶች ስም ጽፎታል። ከብቶቻችንም እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቈጠራ 70 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ በአፍሪካ የሚተካከለን የለም። የአገሩ ላም በቀን በአማካይ የምትሰጠው ወተት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ሲሆን የካሊፎርኒያዋ ከሠላሳ ሊትር በላይ ትሰጣለች። ስለዚህ ሚቴኑ ለሊትር ሲካፈል የእኛይቱ በደለኛ ሆና ትገኛለች።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የማይጽፈውን እንጠይቅ። በሬው ወተት አይሰጥም፤ ያርሳል። ከእርሻው የሚወጣው ጤፍና ስንዴ በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? የሚነደው ኩበት፣ ማሳ ላይ የሚበተነው ፍግ፣ በክፉ ዘመን ተሽጣ ልጅን ከረኃብ ያዳነችው ጊደር በየትኛው ዓምድ ገቡ? የገበሬው በረት ባንኩም ትራክተሩም ማገዶ ቤቱም ነው። «ቍጥሩን ይቀንስ» ማለት ለከተሜ ቀላል ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከብት እየጠበቅን ያደግን መሆናችንን በመዘንጋት፣ የመጀመሪያውን የትምህርት ክፍያችንን የከፈለችው ማን እንደ ነበረች ረስተናልን?

የሳቁትም ቢሆኑ በከፊል እውነት አላቸው። ቀዩ አረም በየቀኑ ካልተሰጠ አይሠራም። የዴቪስ ወይፈን መኖውን ተመዝኖ ይቀርብለታል፤ የሞንታናውም ከብት አረሙን በእንክብል አድርጎ የሚያቀርብ መሣሪያ ነበረው። የእኛ ላም ግን ጧት ከበረት ወጥታ ቀኑን ሙሉ በወል መሬት ላይ ስትዞር ውላ፣ ማታ ስትመለስ የሚጠብቃት ጭድ ነው፤ እርሱም ካለ። የባሕር ዳርቻ የሌለን ሕዝብ አረሙን ከውጭ በዶላር ገዝተን፣ ፉርሽካ መግዛት ላቃተው ሰው እንስጥ ማለት በእርግጥም ያስቃል።

ይሁንና ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር አልጠቀሱም። እርሱም የላሟ ረኃብ ነው።

በናይሮቢ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ማዚንጊራ በሚባለው ማዕከል፣ ከብቱ ገብቶ የሚተነፍሰው ሁሉ የሚለካበት ክፍል ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት የቦረና ዝርያ ወይፈኖች እዚያ ገብተው፣ ሰውነታቸውን ለማቆየት ከሚያስፈልጋቸው መኖ እያነሰ ሲሰጣቸው ምን እንደሚሆን ተለካ። የቦረና ከብት ከየት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም። የተገኘውም ይህ ነው፦ በጣም የተራበው ከብት ለእያንዳንዱ ኪሎ መኖ የሚያወጣው ሚቴን ከጠገበው ይበልጣል። በበጋ ወራት ሰውነቱ ከስቶ አጥንቱ የሚቈጠረው ከብት የበላችውን ጥቂት ጭድ እንኳ በከፊል በግሳት ታባክናለች ማለት ነው። ክረምት ደርሶ ሣሩ ሲያቈጠቍጥ ደግሞ የጠፋ ሥጋዋን መልሳ ስትተካ ወራት ያልፋሉ፤ በእነዚያም ወራት ሁሉ ታገሳለች እንጂ አትታለብም።

እኛ እንደምንለው ከሆነ የኢትዮጵያ የሚቴን ጥያቄ የመኖ ጥያቄ ነው። ለእርሱም የሚሆነው ነገር በእጃችን አለ። ገለባን በዩሪያ ውሃ ረጭቶ ሦስት ሳምንት ያህል አፍኖ ማቆየት፣ በእርከን ላይ ደሾ ሣርና ሰስባንያ መትከል፣ የኑግ ፋጉሎ ለወተት ላም እንዲደርስ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ በአገራችን ለብዙ ዓመት ሲነገር የኖረ ነው። ሲነገር ኖረ እንጂ ያልተሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ገበሬው ሰነፍ ስለ ሆነ ነው የሚሉትን አንቀበልም። ፋጉሎው ውድ ነው፤ ዩሪያው ለማሳውም አልበቃ፤ የተተከለውን ሰስባንያ በወል መሬት የተለቀቀ የጎረቤት ፍየል ይበላዋል። እነዚህን ሦስት ችግሮች አጥንቶ የሚፈታ ሰው የየትኛውም አገር የባሕር አረም ከሚያደርገው የበለጠ ሚቴን ይቀንሳል ብለን እናምናለን፤ ልጆችም ወተት ይጠጣሉ።

ሌላም አለ። ታኒን የሚባለው ነገር ያለባቸው የዛፍ ቅጠሎች ሚቴንን እንደሚቀንሱ በልዩ ልዩ አገር ተደጋግሞ ታይቷል፤ በቆላ ፍየሎቻችንና ግመሎቻችን የሚቀነጥቡት የግራር ቅጠልም ታኒን አለበት። የትኛው ቅጠል ከብትን እንደሚያሰባ፣ የትኛው ሆድ እንደሚነፋ የሚያውቁ እረኞች በየወረዳው ሞልተዋል። ሚስተር ዶርጋን ያደረጉት እኮ ከብታቸውን ማየት ነው። ልዩነቱ ያዩትን የሚሰማ ዩኒቨርሲቲ ማግኘታቸው ነው።

የእኛ ይሰማልን? እዚህ ላይ መምህራኖቻችንን ቅር ሳናሰኝ እንናገር። በግቢያችን ባለው የከብት ርቢ ጣቢያ ላሞቹ በቀን ምን ያህል መኖ እንደሚበሉና ምን ያህል እንደሚታለቡ ለማወቅ ለዚህ ጽሑፍ ብለን ጠይቀን ነበር። የታለበው ተጽፏል፤ የተበላው አልተጻፈም። መኖ ቤቱ ውስጥ ያለው ሚዛን ከተበላሸ ብዙ ጊዜው መሆኑን የነገሩን ሠራተኛ፣ «ልጆቼ፣ በእፍኝ ነው የምሰጠው፤ እጄ ያውቀዋል» አሉን። እጃቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን ስለ ሚቴን ዐራት ሰዓት ተከራክሮ አንዲት ላም የበላችውን የማያውቅ ግቢ ራሱን ሊታዘብ ይገባዋል። የመመረቂያ ጽሑፎቻችንንም ብናይ፣ ገበሬው በረት ደርሰው የተጻፉት ከቤተ መጻሕፍት ሳይወጡ ከተጻፉት ያንሳሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሚዛኑ ይጠገን፤ ገንዘብ ከሌለ ማኅበራችን ከአባላቱ መዋጮ ይሰበስባል። የእንስሳት ሳይንስ ክፍል ደግሞ በሚመጣው ክረምት ወደየአገራቸው ለሚሄዱ ተማሪዎች አንድ ገጽ መጠይቅ ያዘጋጅልን፦ በእያንዳንዱ ወር ላሟ ምን በላች፣ ስንት ታለበች፣ በጭንቅ ጊዜ ምን ቅጠል ተቈርጦ ተሰጣት፣ ፋጉሎ በስንት ተገዛ የሚል። የሕግ ተማሪዎች የወል ግጦሹ በማን ውሳኔ እንደሚጠበቅ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችም ፋጉሎው ከዘይት መጭመቂያው እስከ ገበሬው በረት በስንት እጅ እንደሚያልፍ ይጨምሩበት። በክርክሩ ላይ ያጨበጨባችሁም የሳቃችሁም ጓደኞቻችን ስማችሁን የምታስመዘግቡበት ደብተር ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።