ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ አይጠብቅም፣ ቀጭኑም ሁልጊዜ አያተርፍም



ዛሬ ስለ ልጆች ትምህርት ወይም ስለ ቢቱዋህ ሌኡሚ አይደለም የምጽፍላችሁ። ስለ መኪና ዘይት ነው። «ሶሻል ሠራተኛ ዘይት ውስጥ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። አገባኝ። ጎህ ሳይቀድ፣ አውቶቡስ ሳይጀምር ለጽዳት ሥራ የምትወጣ እናት መኪናዋ ከቆመ ደመወዟም አብሮ ይቆማል። ከዚያ ብድር ይመጣል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ፣ ከዚያ እኔ ዘንድ ይመጣሉ።

በብርዱ ወራት አንድ ቀን በረሆቭ ኤትዮፕያ ሳልፍ፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግንብ አጠገብ፣ ከኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳ ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ አባት ኮፈን ከፍተው አየሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላቸው ሰው ክላክስ ያስጮኻል።

«አባባ፣ ምን ገጠመዎት?»

«ምንም ልጄ፣ ዘይቱ ጎድሏል። እየጨመርኩ ነው።»

መኪናው አዲስ ሃይብሪድ ነው። በእጃቸው የያዙት ጀሪካን ላይ 20 ደብሊው 50 ይላል። «ይሄ አይከብደውም?» ብል፣ «እኔ ኤንትሬ ይዤ ሊማሊሞን ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀጭን ዘይት ውሃ ነው፣ ወፍራም ነው ሞተር የሚጠብቀው» አሉኝ።

አልሳቅሁባቸውም። ለምን እንዳልሳቅሁ ልንገራችሁ።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ የመጀመሪያ መኪናዬን ገዛሁ፤ አሮጌ ነበር። የመኪናው መጽሐፍ 10 ደብሊው 40 ይላል። እኔ ግን በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ልጅ ሆኜ መጥቼ፣ እዚህ ተምሬ፣ ሁሉን አውቃለሁ ብዬ ቀጭን ዘይት ነዳጅ ይቆጥባል ሲባል ሰምቼ 0 ደብሊው 20 አስሞላሁ። አባቴ «ይህች አሮጊት ቀጭን አትችልም» አለኝ። «አባዬ፣ የድሮ ነገር ተው» አልኩት። መኪናው ዘይት መብላት ጀመረ፤ እኔም ከፍቼ አላየሁም። እናቴን ለሲግድ ወደ ኢየሩሳሌም ይዤ ስወጣ፣ ከሻዓር ሃጋይ ዳገቱን እንደጀመርን ቀዩ የዘይት መብራት በራ። «ትንሽ ነው የቀረን፣ እንድረስ» አልኩ። ቃስቴል ሳንደርስ ሞተሩ ነከሰ። እናቴ በጾም አፏ መንገድ ዳር ቆማ ቀረች፤ የዚያን ዓመት ጸሎት አመለጣት። የሞተሩ ዋጋ መኪናውን ከገዛሁበት በላይ ነበር። እናቴ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ አባቴ ለእኔ መኪና ልክ ነበር። እኚያ አባት ደግሞ ለኤንትሬያቸው ልክ ነበሩ፤ ለሃይብሪዳቸው ግን አልነበሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይት እንደ ማር ነው፤ ሲበርደው ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ጀሪካኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ከደብሊው በፊት ያለው በብርድ ስንነሳ ዘይቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይፈሳል። ደብሊው የእንግሊዝኛው «ክረምት» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ሙቀት፣ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ነው። 20 ቀጭን፣ 30 መካከለኛ፣ 40 እና 50 ወፍራም።

የድሮ ሞተር በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ ነው፤ በእርጅናም ይሰፋል። ወፍራም ዘይት ያን ክፍተት ይሞላል። የዛሬው ሞተር ክፍተቱ ጠባብ፣ የዘይት መተላለፊያውም ቀጭን ነው። በብዙዎቹ ቫልቮቹን የሚያስተካክለው ክፍል ራሱ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። ሃይብሪድ ደግሞ በመንገድ ላይ ሞተሩ ደጋግሞ ይጠፋል፣ ይነሳል። ወፍራም ዘይት እዚያ በፍጥነት ሳይደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። የሞተር መበላት በመነሻው ላይ ይበዛል።

ገንዘቡስ? የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ እንደሚለው፣ ፋብሪካው ያዘዘውን ውፍረት መጠቀም ከ1 እስከ 2 በመቶ ነዳጅ ያተርፋል። እንቁጠረው። በዓመት 1000 ሊትር የሚያቃጥል ሰው፣ ሊትሩ 7 ሼቄል ቢሆን፣ ከ7000 ሼቄል ላይ ከ70 እስከ 140 ሼቄል ነው። ገንዘብ ነው፣ አይናቅም። ነገር ግን ሞተር አይገዛም። ለዚህች ብላችሁ መጽሐፉ ከፈቀደው በታች አትቅጠኑ።

አንዳንድ አባቶች «ፋብሪካዎቹ ቀጭን የሚያዙት ለነዳጅ ሕግ ብለው እንጂ ለእኛ ሞተር አስበው አይደለም» ይላሉ። እውነትነት አለው፤ የነዳጅና የጭስ ሕግ ዘይቱን እያቀጠነው መጥቷል። ነገር ግን ሞተሩም ለዚያ ዘይት ተብሎ ነው የተሠራው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ መጽሐፉ አንድ ቁጥር ብቻ ካለ፣ በዚያ እንጽና። 5 ደብሊው 30ም 5 ደብሊው 40ም ይሆናል ካለ ግን፣ እንደኛ በዳገት ለሚኖር፣ ቤተሰብ ጭኖ በበጋ ሙቀት ኢየሩሳሌም ለሚወጣ፣ መኪናውም ላረጀበት ሰው ወፍራሙን ቢመርጥ ይሻላል እላለሁ። የሚጠፋው ነዳጅ ጥቂት ነው።

መጽሐፉ በዕብራይስጥ ነው፣ አውቃለሁ። ልጆቻችሁን ጥሩ፣ ገጹን በስልክ ፎቶ ያንሱላችሁ። ሙሳክ ስትገቡ ፎቶውን አሳዩ፤ የገባውም ዘይት ቁጥሩ በሄሽቦኒት ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ከፋዩ እናንተ ናችሁ። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። «ቤት ልድረስ» የሚለውን እኔ ከፍዬበታለሁ። ዘይቱ ጎድሎ ትክክለኛው ካልተገኘ፣ ባዶ ከመንዳት ሌላ ዘይት ትንሽ ጨምሮ ሙሳክ መድረስ ይሻላል።

ልጆችም ስሙኝ፦ ወላጅ ስለ መኪና ሲናገር «የድሮ ነው» ብላችሁ አትዝለሉ።

እኚያን አባት መጽሐፉን አብረን ከፍተን አየን፤ 0 ደብሊው 20 ይላል። ጀሪካናቸውን ዘጉ። «ታዲያ መጉደሉን እንዴት አወቁ?» አልኳቸው። «ሁልጊዜ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ዘንጉን አውጥቼ አያለሁ። ከኤንትሬ ጊዜ ጀምሮ» አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ ይህን ልማድ ብይዝ ኖሮ እናቴ ሲግድ ትደርስ ነበር።