ስንቅ መያዝ አያሳፍርም

ብዙዎቻችን ምንም ሳይቀምሱ ሩቅ መንገድ መሄድን እንደ ጀግንነት እንቈጥረዋለን። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር፤ ዛሬ ግን አሳቤን ለውጫለሁ።

ምኞቴ የረዥሙን ርቀት ትሪያትሎን ወደፊት መፈጸም ነው። ይኸውም በየካቲት 1970 ዓ.ም. በሃዋይ የተጀመረ፣ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ቢስክሌትና 42 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአንድ ቀን የሚፈጸምበት ውድድር ነው።

ባለፈው ጥር ለልምምድ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሼ ለመመለስ በጧት ተነሣሁ። እናቴ የበጠበጠችልኝን በሶ ጓደኞቼ እንዳይሥቁብኝ ብዬ ትቼው ወጣሁ። ስሄድ ቁልቁለቱ አታለለኝ፤ ስመለስ ግን አቃቂ ላይ ጕልበቴ ከዳኝ፤ እጄም ተንቀጠቀጠ። ቢስክሌቴን እየገፋሁ ቤት የደረስሁት ማታ ነው። እናቴ አልተቈጣችኝም፤ በሶውን ብቻ አቀረበችልኝ።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ስኳር ለብርቱ ሥራ የሚበቃው ለሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ቢስክሌተኛ ሳይርበው በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ ማለት ሁለት ሙዝና ጥቂት ቴምር፣ መብላት ይገባዋል። በዋና ጊዜ መብላት አይቻልም፤ በሩጫም ሆድ ይታወካል፤ እንግዲህ የውድድሩ ገበታ ቢስክሌቱ ነው። ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይሻልና በውድድሩ ቀን የሚበላው ሁሉ አስቀድሞ ሊለመድ ይገባል።

ክቡራን መምህራን ሆይ፥ ምን ያህል እንደ ሮጥን ብቻ ሳይሆን ምን እንደ በላንም ጠይቁን። ጓደኞቼ ሆይ፥ ስንቅ በያዘ ሰው አንሣቅ። አባቶቻችን ያለ ስንቅ አልዘመቱም፤ ስለዚህም ፈሪ ያላቸው የለም።