ዝባድ ወይስ ነጭ ምስክ?

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ሽቶ መጻፍ ቧልት ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ወንበር ተጠጋግተን የምንማር፣ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ መገናኛ በታክሲ ትከሻ ለትከሻ የምንሄድ ሰዎች ነንና የአንዳችን መዓዛ ለሌላው ጉዳይ መሆኑ አይቀርም።

እኔ በቤቴ ሁለት ዓይነት ሽቶ አለኝ። አንደኛው እዚሁ ሃያ ሁለት ከሚገኝ ሱቅ የገዛሁት፣ ነጭ ምስክ የሚባል የቅባት ሽቶ ነው። ሁለተኛው አያቴ ከጅማ ስትመጣ በቀንድ ይዛው የመጣችው ዝባድ ነው። አያቴ ጠርሙሴን ባየች ጊዜ «ወርቁን ትተሽ ነሐስ ገዛሽ!» ብላ ተቆጣችኝ።

በአንድ በኩል እውነቷን ነው። ዝባድ የአገራችን ጥንታዊ የንግድ ዕቃ ነው፤ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ባሕር ይሻገር ነበር፤ በኋላም የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ዋና ገዢዎቹ ሆኑ። እንዳለ ሲያሸቱት አፍንጫ ያስይዛል፤ በአልኮል እጅግ ሲቀጥን ግን ደስ የሚል መዓዛ ይሰጣል፤ ሌላውንም ሽቶ በገላ ላይ ያቆያል።

ዳሩ ግን ከየት ይመጣል? ጥርኝ ከሚባለው የዱር እንስሳ ነው። ወንዱ ጥርኝ ከጫካ በወጥመድ ተይዞ፣ መዞር እንኳ በማያስችል ጠባብ የእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ይታሰራል፤ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢትም ዝባዱ በየጥቂት ቀኑ በማንኪያ ይፋቃል። ሌሊቱን በዱር ሲዞር የሚያድር ፍጥረት ዕድሜውን በዚያ ይፈጃል። ሻኔል የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተፈጥሮውን ዝባድ በሰው ሠራሽ መተካቱን አስታውቋል።

ምስክም ቢሆን ጥንት ከእስያ ተራሮች አጋዘን መሰል እንስሳ እየተገደለ ይወሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ባውር የሚባል ኬሚስት ፈንጂ ሲፈልግ ምስክ የሚሸት ነገር አገኘ! (የኬሚስትሪ መምህራችን ይህን ሲያነቡ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።) በ1926ም ሩዚችካ የዝባድን መዓዛ ዋና ንጥረ ነገር አሠራር ገለጠ፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እርግጥ ሰው ሠራሹ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ አንዳንዱ ቆዳን ስለሚጎዳ በአውሮፓ ተከልክሏል።

ስለዚህ ለዘወትር ነጭ ምስኩን መርጫለሁ፤ ያውም ከጆሮ ሥር አንዲት ጠብታ ብቻ። «ጥርኝ የሚያረባው ገበሬስ ምን ይብላ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥርኝ በዱር ሳለ ዝባዱን በዛፍ ግንድ ላይ ይቀባል፤ ገበሬው ከዚያ የሚሰበስብበትና ደህና ዋጋ የሚያገኝበት መንገድ ቢበጅ፣ እኔም ወዲያው የአያቴን ወገን እይዝ ነበር።

ቀንዱ ግን አሁንም በሣጥኔ ውስጥ ነው። በበዓል ቀን አያቴ ራሷ ከፍታ ትቀባኛለች፤ እምቢ ለማለት እስከ ዛሬ አልደፈርሁም።